ጀልባዋ የዞረችበት እሑድ

ጡረታ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት፣ ከጀልባ ወደ ድንጋይ መዝለል፣ ከዚያ ዳገቱን ከእንግዳው ቀድሞ መውጣት፤ እንጀራዬ ይህ ነበርና ጉልበቴ እምቢ ያለኝ ቀን ሥራውም እምቢ አለኝ። በዚያው ሰሞን ሶማሌ ተራ የነበረው የቢሯችን አሮጌ ፎቅ ፈረሰ። ዙሪያውን በቆርቆሮ ሲያጥሩት ጥቂት ቆሜ አየሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። የሽኝት ግብዣ የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን ጉዞ የሚሸጠው በስልክ ነው። ወጣቶቹ የሐይቁን ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ተጓዡ እዚያው ይመዘገባል፣ ጠዋት ተገናኝቶ ማታ ይበተናል። አስተባባሪው የአንዱንም ሰው ታሪክ ሳያውቅ ይመለሳል። ይህን የማነሣው እነሱን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ከእኔ የተሻለ ሰው አስተምሮኝ፣ አንዲት እናት ለምን እንደመጡ ሳላውቅ ወስጃቸው፣ ካወቅሁም በኋላ ይዣቸው ተመልሻለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለው የሥራ ዘመኔ ሁሉ በዚያች እሑድ ጥላ ሥር ነው ያለፈው።

ሥራ የጀመርኩት በሜጋፎን ነው። ከሰላሌ መጥቼ መርካቶ ውስጥ ያገኘሁት የመጀመሪያ እንጀራ የእሑድ ጉዞ መጥራት ነበር። እትዬ ሙሉ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ለእቁብ ጓደኞቻቸው አውቶቡስ ተከራይተው ሽርሽር ቢያወጡ ሰዉ ወደደላቸው፤ ውለው አድረው ጨርቁን ትተው የጉዞ ቢሮ ከፈቱ። መርካቶ ስድስቱን ቀን ሲጮኽ ይሰነብትና እሑድ ይዘጋል። ነጋዴ ቅዳሜ ሱቁን ጥሎ ሽርሽር አይሄድም፤ ሰኞ በማለዳ ደግሞ ሱቁ መከፈት አለበት። ስለዚህ ጉዟችን ሁሉ በአንድ እሑድ ውስጥ ተጀምሮ ማለቅ ነበረበት። ደሞዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ምሳ ግን ከእንግዳው ጋር እኩል እንበላለን።

«እሑድ ደሴት! እሑድ ምሽግ! በጀልባ ደርሶ መልስ!» እያልኩ ተራውን ሁሉ እዞራለሁ። ምን አለሽ ተራ ስደርስ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ሰዎች መዶሻ ድምፄን ይውጠዋል። በርበሬ በረንዳ ስገባ ደግሞ ሳሉ ነው የሚያሸንፈኝ፤ «እሑድ» ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ቃል አይወጣም። እዚያ እትዬ አስካለ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው እየሳቁ፣ «ና ውሃ ጠጣ፤ አንተ ልጅ ሌላውን ስታስጎበኝ ራስህ መሞትህ ነው» ይሉኛል። ውሃውን ሰጥተው ወሬዬን ሁሉ ይሰሙኛል። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ደሴቱ፣ ስለ ጀልባዎቹ ሳወራ አንድም ቀን፣ «እኔም እኮ የዚያ ልጅ ነኝ» ብለውኝ አያውቁም።

ደሴቱ ያለው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ነው። እኛ «ምሽጉ» እያልን ነበር የምንሸጠው እንጂ መድፍም የብረት በርም የለውም። አጥሩ ውሃው ነው። በድሮው የጦርነት ዘመን ከየብስ የተሳደዱ ሰዎች መጻሕፍታቸውንና እህላቸውን በደንገል ታንኳ ጭነው ተሻገሩበት ይባላል። ዳገቱን በድንጋይ ካብ እርከን በእርከን አድርገው አረሱት፤ ከአናቱ ላይ ሆነው ሐይቁን ጠበቁ። ዛይ የሚባሉት የደሴቱ ሰዎች ዛሬም አሉ። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው።

ይህን ታሪክ ለሰው መንገር ያስተማሩኝ ጋሼ ሽኩር ናቸው። የድሮ የአገር አቋራጭ ሾፌር ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ትተው የእትዬ ሙሉ አስጎብኚ ሆኑ። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ፤ ሜጋፎን በእጃቸው አይነኩም። «ሰው ጮኸህ ከነገርከው ጆሮውን ይይዛል፤ ቀስ ብለህ ከነገርከው ይጠጋሃል» ይሉ ነበር።

ብዙ ልማድ ነበራቸው። አውቶቡስ ውስጥ ታሪክ አይነግሩም። እንግዳው ውሃውን ሳያይ፣ ጀልባ ላይ ሆኖ ሆዱ ትንሽ ሳይፈራ፣ የሚነገረው ሁሉ ተረት ነው የሚሆንበት ባይ ናቸው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ማንም ከመሳፈሩ በፊት ብቻቸውን ሄደው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የዳሩን ቄጠማ፣ ከዚያ የሐይቁን መሃል ያያሉ። «መሃሉ ከጠቆረ ነፋስ አለ፤ አትግባ» አሉኝ። የዝዋይ ሐይቅ ጠዋት ጨዋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ጠባዩ ይለወጣል። ለዚህም ነው ገና ጎህ ሳይቀድ ከመርካቶ የምንነሣው።

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄ ነበር። በአውቶቡሱ በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ሰው፣ «ለምን መጣህ? ለምን መጣሽ?» ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ «ለመጎብኘት ነዋ!» ይላል። መንገድ ላይ ደግሞ ሙዝ እያደሉ በመቀመጫዎቹ መሃል ያልፉና ያንኑ ይጠይቃሉ። በሁለተኛው ጥያቄ ሰው እውነቱን ይናገራል። አንዱ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የመጣው፤ አንዷ ልጇ ከሞተባት ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ጋሼ ሽኩር ይህን ይሰሙና ቦታ ያቀያይራሉ፤ ያዘነችውን ከጨዋታ አዋቂ ሴት አጠገብ ያስቀምጣሉ። ከማስጎብኘቱ ይልቅ ይህ ነው የሥራው ግማሽ ይሉ ነበር።

የጦርነቱን ታሪክ ሲነግሩ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም። አውቶቡሳችን ውስጥ ከፊት የጎጃምና የጎንደር ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ፤ ከኋላ የምን አለሽ ተራ የወሎ ልጆች። ጦርነቱ ደግሞ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ አባቶቻችን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። አንድ ቀን ገና ከጀልባ እንደወረድን አሊ የሚባል ምድጃ ሠሪ፣ «ጋሼ፣ ቆይ፣ እነዚህን ሰዎች ማን ነው ያሳደዳቸው?» ብሎ ጠየቀ። አንዲት ሴት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

ጋሼ ሽኩር ፈገግ አሉና፣ «የሚሮጥ ሰው ማን እንዳሳደደው ዞሮ አያይም፤ እኛም ዛሬ አብረናቸው ነው የምንሮጠው» አሉ። «ቤትህ እየተቃጠለ ነው እንበል አሊ። ታንኳው አንተንና አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። ምን ትይዛለህ?»

አሊ ትንሽ አሰበና «መዶሻዬን» አለ።

«አንቺስ?» አሉ ፊቷን ያዞረችውን ሴት።

«ልጄን ነዋ!»

«ልጅ ዕቃ አይደለም። ልጁስ ምን ይያዝ?»

ሰዉ ሳቀ። ሁሉም የሚይዘውን መናገር ጀመረ፤ ዳገቱን እየተከራከርን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ አሊና ያቺ ሴት ጎን ለጎን ቆመው ሐይቁን ያዩ ነበር። ማታ ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ጋሼ ሽኩር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የሸሸውን ሰው ንገር፤ ያሳደደውን ራሳቸው ያውቁታል» አሉኝ።

አንድ ደንብ ደግሞ ነበራቸው። ማንም በምንም ምክንያት ከጉዞ አይቀርም። ዘመድ አለኝ ቢል፣ እዚህ አድራለሁ ቢል፣ አልጋ ይዣለሁ ቢል አይሰሙም። «ይዘህ የወጣኸውን ይዘህ ግባ» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ብዙ ዓመት አብሬአቸው ስሠራ ደንቡን እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት።

ጋሼ ሽኩር ስኳር በሽታ ጠንቶባቸው ቤት ሲውሉ ጉዞው በእኔ እጅ ገባ። እትዬ ሙሉም አርጅተው ቢሮውን ለእህታቸው ልጅ ለዳዊት ሰጡ። ዳዊት ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ግን ጉዞ ሲባል የሚታየው ሙዚቃ ነው። ትልቅ ሞንታርቦ ገዝቶ አውቶቡሱ ውስጥ ጫነ። በዚያ ጩኸት መሃል ሙዝ እያደልክ ሰውን ለምን እንደመጣ መጠየቅ ከባድ ሆነ። ቢሆንም እጠይቅ ነበር።

ስልክ በየሰዉ እጅ ገና ባልገባበት በዚያ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ማለዳ እትዬ አስካለ በአውቶቡሱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ለአንድ ቀን ሽርሽር የማይያዝ ትልቅ ዘንቢል ይዘዋል።

«እትዬ! እርስዎም ጀመሩ?» አልኳቸው በደስታ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ስትጮኽብኝ እምቢ ልልህ ነው?»

«ለምን መጡ ታዲያ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ለመጎብኘት ነዋ!» አሉና ዘንቢላቸውን አቅፈው ገቡ።

ሁለተኛውን ጊዜ አልጠየቅኋቸውም። ሙዙን ይዤ ከመቀመጫዬ ከመነሣቴ ሞጆ አካባቢ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውን ገጥመን መቂ ስንደርስ ደግሞ ሌላው ተነፈሰ። ጎሚስታው እሑድ ነውና ቅዳሴ ላይ ነበር፤ እስኪወጣ ጠበቅነው። ዝዋይ ስንደርስ ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ ነበር።

ጀልባ ነጂው ቦሩ ገና ሲያየን ራሱን ነቀነቀ። «ጠዋት ብትመጡ ኖሮ» አለኝ። ሄጄ ጋሼ ሽኩር የሚቀመጡባት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቄጠማው ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ መሃሉ የጠቆረም ያልጠቆረም ይመስላል። ተጓዡ ከኋላዬ ተሰብስቦ፣ «ይህን ያህል መንገድ መጥተን!» ይላል። ቦሩን አየሁት፤ «እንሞክር» አለ። በሁለት ጀልባ ተከፍለን ገባን።

መሃሉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ከጎን እየመጣ ጀልባዋን ያነሣና መልሶ ይጥላታል፤ ውሃው ጉልበታችን ላይ ይፈስሳል። አንዷ «እመ ብርሃን!» ትላለች፤ ምድጃ ሠሪው አሊ ከኋላ «ያ አላህ!» ይላል። አንድ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ያስመልሳል። ቦሩ ሞተሩን ቀነስ አድርጎ ወደ እኔ ጮኸ፦

«መሃሉን ካለፍን የደሴቱ ጥግ ጸጥ ያለ ነው! ችግሩ እስክናልፍ ነው። ምን ላድርግ?»

እትዬ አስካለ ከፊት ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ርሶ ከፊታቸው ላይ ተጣብቋል። ወደ እኔ ዞረው፣ «ደርሰናል እኮ! ሰው እንኳ ይታያል!» አሉ። እውነትም የደሴቱ እርከኖች ይታዩ ነበር። ኋላችንን ሳይ ሁለተኛዋ ጀልባ ከማዕበሉ ጀርባ ጠፍታ እንደገና ብቅ አለች።

«አዙረው» አልኩት ቦሩን።

የዚያን ጊዜ ውሳኔዬን አልጸጸትበትም። ያን ሁሉ ሰው ይዤ ሌላ ማድረግ አልችልም ነበር። የሚጸጽተኝ ዳሩ ላይ ከወረድን በኋላ የሆነው ነው።

ሰዉ ልብሱን እየጨመቀ ወደ አውቶቡሱ ሲሄድ እትዬ አስካለ ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ቆሙ።

«መንገሻ፣ እኔን እዚህ ተወኝ።»

«የት እትዬ?»

«ከተማው ውስጥ አድራለሁ። ጠዋት ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር እሻገራለሁ። እህቴ ታማብኛለች።»

«እህት? የት ነው እህትዎ ያሉት?»

በአገጫቸው ወደ ሐይቁ አመለከቱ። «እዚያ ነው የተወለድኩት። ብርቅነሽ ትባላለች፣ ታላቄ ናት። በዓሣ ነጋዴዎቹ መልእክት ልኬላት ነበር፤ እሑድ እመጣለሁ ብያታለሁ።»

ክው አልኩ። ወዲያው የጋሼ ሽኩርን ደንብ አወጣሁ። «ይዤ የወጣሁትን ሰው ጥዬ አልገባም እትዬ። ብቻዎን እዚህ አንድ ነገር ቢሆኑ ለጎረቤትዎ ምን እላለሁ? በሚመጣው እሑድ እኔ ራሴ በማለዳ አመጣዎታለሁ።»

ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል። ሰኞ ሱቁን የሚከፍተው ሁሉ ይጣራል። እትዬ አስካለ ሐይቁን አዩ፣ አውቶቡሱን አዩ፣ እኔን አዩ። እንደሚከራከሩኝ ጠብቄ ነበር።

«እሺ» አሉ። ዘንቢሉን አንሥተው ገቡ።

ብርቅነሽ ሐሙስ ዕለት ዐረፉ። ወሬው በዓሣ ነጋዴዎች አድርጎ በርበሬ በረንዳ ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ቢሮዬ መጡ። አላለቀሱም። «አሁን ውሰደኝ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ዳዊትን ፈቃድ ጠይቄ በተራ አውቶቡስ ወሰድኳቸው። ያጋጠማቸውን ነገር ሁሉ የሰማሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ተድረው ነው አዲስ አበባ የመጡት። ከዓመታት በኋላ እናታቸው ሲሞቱ መርዶው ዘግይቶ ደረሳቸውና ከቀብሩ በኋላ ደረሱ። ብርቅነሽ እናታቸውን ብቻቸውን አስታመው ብቻቸውን ቀብረው ነበርና ልባቸው ቆስሏል። ለቀስተኛው ፊት፣ «መጣሽ? ገበያሽ ተዘጋልሽ?» አሏቸው። እትዬ አስካለ በዚያው ቀን ጀልባ ተሳፍረው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እህትማማቾች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ነው ያረጁት።

«በየዓመቱ እሄዳለሁ እላለሁ» አሉኝ። «ልብሴን አዘጋጃለሁ። ከዚያ ያቺ ቃል ትዝ ትለኛለች። አንተ በሜጋፎንህ ደሴት ደሴት ስትል እኔ ውሃ የምሰጥህ ለምን ይመስልሃል? ስለ አገሬ ስታወራ ልሰማህ ነው።»

ዝዋይ አድረን በማለዳ ተሻገርን። ሐይቁ ንቅንቅ አላለም፤ የጀልባዋ መስመር ከኋላችን ሳይጠፋ ረጅም ጊዜ ይታይ ነበር። ዳሩ ላይ የብርቅነሽ ልጅ ታደለች ቆማ ጠበቀችን። አክስቷን አይታ ከሆነ በሕፃንነቷ ብቻ ነው። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ በቋንቋቸው እየተነጋገሩ ወደ ላይ ወጡ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ታደለች በእርከኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ተናገረች።

«እሑድ ዕለት አይተናችኋል። እናቴን እዚህ አውጥቻት ነበር፤ ስትመጡ ልያት ብላ። ሁለት ጀልባ መጣ። ከዚያ መሃል ላይ ዞራችሁ ሄዳችሁ።»

«እናትሽ ምን አለች?» አሉ እትዬ አስካለ።

ታደለች መሬት መሬት አየች። «አስካለ ናት አለች። ገበያዋ ትዝ ብሏት ተመለሰች አለች።»

እኔ ዘልዬ ተነሣሁ። «ነፋ…» ከማለቴ እትዬ አስካለ ክንዴን ጨብጠው ጎተቱኝ። ጉልበታቸው አስደነገጠኝ። ዓይናቸውን ከታደለች ላይ ሳያነሡ፣ «እውነቷን ነው ልጄ» አሉ። «ስመለስ ነው የኖርኩት። ያቺ እሑድ ከሌሎቹ በምን ትለያለች?»

በደሴቱ ጥግ በዚያች እሑድ ነፋስ አልነበረም። ቦሩ እንዳለው ጸጥ ያለ ነበር። ከላይ ላለ ሰው የሚታየው ሁለት ጀልባ መጥቶ፣ ያለ ምንም ምክንያት ዞሮ መሄዱ ብቻ ነው።

ስንመለስ ጀልባው ላይ መታገሥ አቃተኝ። «ነፋስ እንደነበር ለምን አልነገሯትም? እኔ ነኝ እኮ ያዞርኳችሁ። ዳሩ ላይም የከለከልኩዎ እኔ ነኝ።»

«ብነግራት እናቷ ተሳስታ ሞተች ማለት ነው። ይህችን ልጅ ይህን ላሸክማት? እኔን ትጥላኝ፣ ይቀላታል።» ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጠሉ፦ «ደግሞ አንተ ብቻህን አይደለህም። ዳሩ ላይ እምቢ ስትለኝ አንዱ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ፈርቼ ነበር። ለዚህ ነው ያልተከራከርኩህ። አደራ፣ ለልጅቷ አንዳች እንዳትነግራት።»

ከዚያ ሰባተኛ ሰፈር ሄጄ ጋሼ ሽኩር ደጅ ቆምኩ። አልጋቸው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ስለጠፋ በድምፄ ነው የለዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በልቤ «ልክ ነህ፣ ደንብ ደንብ ነው» እንዲሉኝ ነበር የሄድኩት።

«ያን ደንብ ለምን እንዳወጣሁ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ድሮ አንድ ጎረምሳ እዚህ አድራለሁ አለኝ፤ ተውኩት። ጠጥቶ ሊዋኝ ገባ፤ አልወጣም። አባቱ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ነው ማንም አይቀርም ያልኩት። መንገሻ፣ ለሰከረ ጎረምሳ ያወጣሁት ደንብ ነው። እህቷን ፈልጋ ለመጣች ሴት አይደለም።» እጃቸውን ዘርግተው ሲፈልጉኝ ያዝኩላቸው። «ደንቡን ሰጠሁህ፣ ምክንያቱን ግን ለራሴ አስቀረሁ። ሐፍረቴን ደበቅሁበት።»

በማግስቱ ደግፌ ለቅሶ አደረስኳቸው። እትዬ አስካለ ድንኳን አላስጣሉም፤ ቤታቸው ውስጥ ነው የተቀመጥነው። ጋሼ ሽኩር ስለ ደንቡ አንድ ቃል አልተናገሩም። «አላህ ያጽናሽ እህቴ» ብለው እስኪመሽ አብረዋቸው ተቀመጡ። ያ የመጨረሻ መውጣታቸው ሆነ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሞንታርቦውን መንገድ ላይ አስጠፍቼ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ዳዊት አጉረመረመ እንጂ አልከለከለኝም። የሚቀር ሰው ሲኖር ምክንያቱን ሰምቼ፣ ማደሪያውን አይቼ እተወው ነበር። ያ ሁሉ ግን ለሌላ ሰው ነው የሆነው።

እትዬ አስካለ ዘመድ አጥታ እንዳትቀር ብለው ታደለችን ወደ መርካቶ አመጧት። ልጅቷ መጀመሪያ ኮስታራ ነበረች፤ እያደር ተላመዱ። ንግዱን አስተማሯት፤ በእርጅናቸውም እጃቸውን ይዛ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ሱቁ አሁን የታደለች ነው።

በቅርቡ በርበሬ ልገዛ ሄጄ ደጃፉ ላይ ወንበር ሰጠችኝ። ገበያው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ሚዛኗን እየወለወለች፣

«ጋሼ መንገሻ፣ ያን እሑድ ነፋስ ነበር አሉ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ቦሩ። ለአክስቴ ለቅሶ መጥቶ።»

«ነበር። እንዳልነግርሽ አደራ ብለውኝ ነው።»

«መሻገር አይቻልም ነበር?»

«ያን ሁሉ ሰው ይዤ አይቻልም ነበር» አልኳት። «ዳሩ ላይ ግን ትቻቸው መሄድ እችል ነበር። ለምነውኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ይደርሱ ነበር።» ጀልባው ላይ ያሉኝንም ነገርኳት፦ እናቷ ተሳስታ እንደሞተች እንዳታውቅ ብለው ዝም ማለታቸውን።

አንዲት ሴትዮ መጣችና በርበሬ ጠየቀች። ታደለች መዘነችላት፣ ቋጠረችላት፣ መልሷን ሰጠቻት። ሴትየዋ ስትሄድ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«እናቴ አልተሳሳተችም። ያን ቃል ተናግራ ትንሽ እንደቆየች ለአክስቴ የተዘጋጀውን ምሳ አታንሡ አለች። በሰፌድ አስከደነችው። ሰኞ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ነቅታ ነበር። አውጪኝ አለችኝ። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ታንኳ ባየች ቁጥር ከተቀመጠችበት ቀና ትላለች። ማክሰኞም እንደዚያው።»

«ይህን ለእትዬ አስካለ ነግረሻቸዋል?»

«ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ክፉውን ብቻ ነገርኳት። ኋላ ስወዳት ደግሞ፣ እስከ መጨረሻው ጠብቃሽ ነበር ብላት ይብስ የምትቆስል መሰለኝ። ዛሬ ነገ ስል አመለጠችኝ።»

ሁለቱም ላለመጎዳዳት ብለው ነው በአንድ ጣሪያ ሥር ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያሉት።

«ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ…» አለች ታደለች። አልጨረሰችውም። እኔም አልጨረስኩላትም።